ስርዝ ድልዝ

«ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም» የምትለውን ዐረፍተ ነገር የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በጨረታ ማስታወቂያ ግርጌ ትገኛለች፤ በትምህርት ማስረጃ ጀርባ ትገኛለች፤ በውል ወረቀት ላይ ከማኅተሙ ከፍ ብላ ትገኛለች። እኔ ግን መጀመሪያ የሰማኋት ከአያቴ አፍ ነው። አያቴ ማንበብ አይችሉም ነበር። ሆኖም መራዊ አጠገብ በምትገኘው መንደራችን ሰው ለማስታረቅ ሲቀመጡ፣ ምስክሩን ትክ ብለው እያዩ «ስርዝ ድልዝ የሌለበት ነገር ተናገር» ይሉ ነበር።

የእኔ እንጀራ ደግሞ ከመሰረዝ ጋር ተያይዞ ቀረ። የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፤ የመረጃ ቋት እሠራለሁ፣ እጠግናለሁ፣ ጊዜው ሲደርስም አጠፋለሁ። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ስላጠፋሁት ሳይሆን ላጠፋ ስል ስለተረፈ አንድ ቋት ነው።

*

በ2009 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ካሉ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ በኮንትራት ተቀጥሬ ነበር። የትኛው እንደ ሆነ አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ስለነበረ የመሥሪያ ቤቱን ስም ማንሣት ግፍ ይሆናል። የተሰጠኝ ሥራ በአሮጌ የመረጃ ቋት ውስጥ የነበረውን የገበሬዎች የመሬት ይዞታ ዝርዝር ወደ አዲስ ቋት ማሻገር፣ ከዚያም አሮጌውን ማጥፋት ነበር። ማሽኑ አርጅቷል፤ ዲስኩ ሞልቷል፤ ቦታ ያስፈልጋል። አለቃዬ «አሮጌውን አጥፋና እንተንፍስ» አሉኝ። ትእዛዙ ይኸው ነበር።

በእኛ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ለእያንዳንዱ ባለይዞታ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተሰጠ፤ በደብተሩም ላይ የባልም የሚስትም ፎቶግራፍ ይለጠፋል። ለብዙ እናቶች ያ ፎቶግራፍ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነበር። ቀጥሎ ከአየር በተነሣ ምስል እየታገዘ የእያንዳንዱ ማሳ ካርታ መሠራት ጀመረ፤ ወረቀት የነበረውም ወደ ኮምፒውተር ገባ። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ያ ሁሉ የሰው ላብ፣ የወሰን ድንጋይና የምስክር ቃል በአንድ አቧራማ ማሽን ውስጥ ረድፍና ዓምድ ሆኖ ተቀምጦ ነበር።

ለከተማ ልጅ ይህ ዝርዝር የስም ክምር ሊመስለው ይችላል። ለጎጃም ሰው ግን መሬትና መዝገብ የቆየ ቁስል ናቸው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ጎጃም ሲያምፅ ከፍርሃቶቹ አንዱ መለካት ነበር፤ የተለካ መሬት የሚወሰድ መሬት መስሎ ይታይ ነበርና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጁ ሲወጣ ርስት የሚባለው ነገር፣ እስከ ሰባት ቤት አያት ድረስ በቃል የሚቆጠረው የትውልድ ሐረግ ሁሉ፣ በአንድ ቀን ሕጋዊ ዋጋውን አጣ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በክልላችን ሽግሽግ መጣ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ውስጥ ሥልጣን የነበራቸው «ቢሮክራት» ተባሉ፤ ከአንድ ሄክታር፣ በእኛ አገር አቆጣጠር ከአራት ቃዳ፣ በላይ እንዳይዙ ተወሰነ።

አያቴ በገበሬ ማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ አባል ነበሩ። ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ስብሰባው በትልቅ ዋርካ ሥር እንደ ነበር ትዝ ይለኛል። አንድ ሰው ከወረቀት ላይ ስም ያነባል። የአያቴ ስም ሲነበብ ማንም አልጮኸም፤ አያቴም አልተናገሩም። ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡና ወደ ቤት ሄዱ። ማታ ለአያቴ ሚስት የተናገሩትን ግን ሰምቻለሁ። «ስሜ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ወረቀት ዞረ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

እንግዲህ በ2009 ዓ.ም. በዚያ ማሽን ፊት የተቀመጥሁት የእኒያ ሰው የልጅ ልጅ ነኝ። ይህን ግን በዚያ ቀን አላሰብሁትም።

*

የመረጃ ቋት የሚለውን የአማርኛ ስም የሰጠው ሰው ማን እንደ ሆነ ባውቅ እጁን በሳምሁ ነበር። ቋት በእኛ ቤት የዱቄት ማኖሪያ ነው፤ የዓመቱ ልፋት ተፈጭቶ የሚያርፍበት። ቋቱን የደፋ ሰው የደፋው ዱቄት ብቻ አይደለም፤ የከረመውን ሁሉ ነው።

ይህ ዓይነቱን ቋት በሠንጠረዦች እንዲደራጅ ያሰበው ኤድጋር ኮድ የሚባል የአይቢኤም የሒሳብ ሰው ነው፤ ሐሳቡን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር። በሒሳቡ ቋንቋ «ሬሌሽን» የሚባለው ሠንጠረዡ ራሱ ነው። በአማርኛ «ዝምድና» ስንለው ግን ለእኔ ሌላ ነገር ይሰማኛል። አንዱ ሠንጠረዥ ሰውን ይይዛል፤ አንዱ ማሳውን ይይዛል፤ አንዱ የትዳር ጓደኛን ይይዛል፤ በመካከላቸው ቁልፍ የሚባል ቁጥር እየተመላለሰ «ይህ የዚያ ነው» ይላል። የርስት ሐረግ ቆጣሪ ሽማግሌዎች ያለ ወረቀት ያደርጉት የነበረው ይህንኑ አልነበረምን?

ቋቱን ለማጥፋት የሚያስፈልገው ትእዛዝ ሁለት ቃልና አንድ ስም ነው። ድሮፕ ዳታቤዝ፤ ከዚያ የቋቱ ስም። በዚህ ዓለም እንደዚህ አጭር ሆኖ እንደዚህ ብዙ ነገር የሚወስድ ዐረፍተ ነገር ጥቂት ነው። አንድ ረድፍ የሚሰርዘው ትእዛዝ በግብይት ውስጥ ከተሰጠ ከመጽደቁ በፊት ሊመለስ ይችላል፤ ሐሳብህን ብትቀይር «ተመለስ» ብትለው ይመለሳል። ይኼኛው ግን አይመለስም። እኛ እንጠቀምበት የነበረው ፖስትግሬስ የሚባለው ሥርዓት ይህን ትእዛዝ በግብይት ውስጥ ጭራሽ አይቀበልም፤ ተጸጽቶ መመለስ የሚባል ነገር እንደሌለ አስቀድሞ እንደሚነግር ሰው ነው።

ትእዛዙን ጻፍሁ። ኤንተር የምትለዋን ቁልፍ ነካሁ።

ማሽኑ እንቢ አለኝ።

የመለሰው ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ ቋቱን ሌሎች ሰዎች እየተጠቀሙበት ነው፤ አንድ ሌላ ግንኙነት አለ።

አንድ። ያችን ግንኙነት በአንድ ትእዛዝ መቁረጥ እችል ነበር፤ ትእዛዙን በቃሌ አውቀዋለሁ። እንዲያውም ከ13ኛው ዕትም ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ማለት ነው፣ ፖስትግሬስ ራሱ ሰውን እያስወጣ ቋቱን የሚያጠፋበት «በግድ» የሚል ተጨማሪ ቃል አለው። በዚያ ቀን ያቺ ቃል ኖራ ቢሆን ኖሮ እጠቀምባት ነበር ብዬ እፈራለሁ። እጄ ወደ ፊደል ገበታው ሄዶም ነበር። የተነሣሁት ከጥንቃቄ አልነበረም፤ ከንዴት ነበር። «ለሁሉም አሮጌውን አትንኩ ብዬ ተናግሬ፣ ማን ነው አሁንም የገባ?» ብዬ ተነሣሁ።

*

መዝገብ ቤት ገባሁ። በመዝገብ ቤቱ የሚሠሩት ሴት ለጡረታ ጥቂት የቀራቸው ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው። ከፊታቸው አሮጌው ቋት ተከፍቷል። ከአጠገባቸው አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ በጉልበታቸው ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አለ።

«እትዬ፣ አሮጌው ይጠፋል ብዬ አልነገርሁም?» አልኩ።

«ነግረኸናል ልጄ» አሉኝ፤ አልተቆጡም። «አዲሱ ላይ ፈለግኋቸው፤ የሉም። አሮጌው ላይ ግን አሉ። እስቲ ና እይ።»

የእናቲቱ ጉዳይ ይህ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። የባላቸው ወንድም «ማሳው የአባቴ ነው» ብሎ ከሷቸዋል። ደብተራቸው በክረምት ቤቱ አፍስሶ ረጥቧል፤ ፎቶግራፉ ነጭ ሆኗል፤ ጽሑፉ ወደ ሰማያዊ ደመና ተለውጧል፤ የሚነበበው ቁጥሩ ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ ከመሥሪያ ቤቱ ማረጋገጫ እንዲያመጡ አዝዟቸዋል። የቀበሌያቸው የወረቀት መዝገብ ደግሞ ከመደርደሪያው አልተገኘም። ከቆላ በሌሊት ተነሥተው ሲመጡ ይህ ሁለተኛቸው ነበር። በመጀመሪያው ቀን አዲሱን ቋት ያየ ወጣት «መረጃ የለም» ብሎ መልሷቸዋል።

እናቲቱ ቀና ብለው አዩኝና «አንተ ነህ ልጄ መዝገቡን የምትጠብቀው?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። «አዎ እማማ» አልኩ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ስማቸው፣ የማሳቸው ቁጥር፣ አዋሳኞቻቸው ከምሥራቅ፣ ከምዕራብ፣ ከሰሜን፣ ከደቡብ፣ ሁሉ አለ። የትዳር ጓደኛ በሚለው ቦታ ግን ምንም የለም። በዚያች ቅጽበት ምን እንዳደረግሁ ገባኝ።

ዝርዝሩን ሳሻግር የይዞታውን ሠንጠረዥና የትዳር ጓደኛውን ሠንጠረዥ አገናኝቼ ነበር። በሁለቱም በኩል ጥንድ የተገኘለትን ብቻ የሚያወጣውን ዓይነት ማገናኛ ተጠቅሜ ነበር። ጥያቄው ስሕተት አልነበረበትም፤ መልሱም ስሕተት አልነበረበትም። እኔ የጠየቅሁት «ባልና ሚስት ያሉበትን ይዞታ ስጠኝ» ብዬ ነበር፤ ማሽኑም የጠየቅሁትን ሰጠኝ። ባል የሞተባቸው፣ ሚስት የሞተችባቸው፣ ያላገቡ፣ የፈቱ፣ እነዚህ ሁሉ ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት በወንዙ ወዲያ ማዶ ቀሩ። ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ አውቅ ነበር። አልቆጠርሁም። ያን ዕለት ማታ ስቆጥር 41 ረድፎች ጎደሉ።

የባሰውም ቀጥሎ መጣ። «ምንም ቢሆን መጠባበቂያ ቅጂ ይዣለሁ» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ለመመለስ ሞከርሁ፤ መሐል ላይ ቆመ። ለካ ቅጂው ሲጻፍ ዲስኩ ሞልቶ ኖሮ ከወገቡ ተቆርጧል። ቦታ ስለጠበበ ላጠፋው የነበረው ቋት፣ በዚያው በጠበበ ቦታ የተነሣ ቅጂም አልነበረውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔን ነበር።

*

በዚያው ዓመት፣ ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌሊት፣ ጊትላብ በሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት አንድ የደከመው መሐንዲስ ማጥፋት ያለበትን ማኅደር በአንድ ማሽን ላይ ማጥፋት ሲገባው በሌላው ላይ አጠፋ። ስሕተቱን ሲያውቅ 300 ጊጋባይት ግድም ከነበረው የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ መጠባበቂያዎቻቸው ዞሩ። ዕለታዊው ቅጂ የማይገጥም የቆየ ዕትም መሣሪያ ስለተጠቀመ ለካ ሲከሽፍ ኖሯል፤ መክሸፉን የሚያስታውቀው ኢሜይልም ሳይደርስ ሲቀር ኖሯል። ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ የተወሰደ አንድ ቅጂ አዳናቸው፤ የስድስት ሰዓቱ ግን አልተመለሰም። ድርጅቱ ነገሩን አልደበቀም፤ ጥገናውን በቀጥታ ሥርጭት አሳየ፤ የሆነውንም ሁሉ ጽፎ አወጣ። ያን ጽሑፍ ሳነብ ያ መሐንዲስ ወንድሜ ሆኖ ተሰማኝ። በእኔና በእሱ መካከል የነበረው ልዩነት ችሎታ አልነበረም፤ አንዲት እናት አሮጌው ቋት ውስጥ መቀመጣቸው ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማጥፋት ለእኔ እንደ ቀብር ሥርዓት ሆነ። ሥርዓቱን ሙያው ላላችሁም ለሌላችሁም ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ሟቹን መለየት ነው። የትኛው ማሽን ላይ ነኝ? የትኛው ቋት ነው? ስሙን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ ማንኳኳት ነው፤ የተገናኘ ሰው ካለ አላባርረውም፣ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ሦስተኛ፣ ሙሉ ቅጂ መውሰድና ቅጂውን በሌላ ማሽን ላይ መልሶ ማቆም ነው። ያልተመለሰ ቅጂ ቅጂ አይደለም፤ ተስፋ ነው። አራተኛ፣ መቁጠር ነው፤ አሮጌውም፣ አዲሱም፣ የተመለሰውም እኩል መሆን አለባቸው።

መቁጠር ግን አይበቃም፤ ቁጥሩ ከገጠመ በኋላም ስም እያነሣሁ አመሳክራለሁ። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለድሁባት መራዊ ቢያንስ 45 ሲቪሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሲያስታውቅ፣ ሁላችንም በየስልካችን የፈለግነው ቁጥሩን አልነበረም። ስም ነበር የፈለግነው።

አምስተኛው የእኔ የራሴ ነው። ቋቱን አላጠፋውም፤ ስሙን እለውጠዋለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ አርባ ቀን እጠብቃለሁ። በእኛ አገር ለሞተ ሰው አርባው ሳይወጣ ነገሩ አለቀ አይባልም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያላሰብሁት ዘመድ ብቅ ይላል፤ በወር አንዴ የሚወጣ ሪፖርት «ቋቱን አጣሁት» ይላል፤ እንደ እትዬ ያለ ሰው ደውሎ «ልጄ፣ የት ሄደ?» ይለኛል። አርባው ያለ ለቅሶ ካለፈ አጠፋዋለሁ፤ ቅጂውን ግን እስከ ሙት ዓመቱ አቆያለሁ።

ስድስተኛው፣ ብቻዬን ሆኜ አለማጥፋት ነው።

*

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ስነግረው «ታዲያ ለምን ጭራሽ ታጠፋላችሁ? ሁሉንም አስቀምጡት» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ብራና ጸሐፊዎቻችን ሲሳሳቱ በቢላዋ ይፍቁ ነበር፤ ግን የተፋቀው ፊደል ጥላው በቆዳው ላይ ይቀራል። የመሬት ስጦታ በወንጌል መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ሲጽፉም ጽሑፉን በሚፍቅ ሰው ላይ ውግዘት ይጨምሩበት ነበር። አለመሰረዝን የሚያከብር ባህል ነው ያሳደገን።

ይሁንና አለመሰረዝም ኀጢአት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያረጀ ኮምፒውተር በጨረታ ሲሸጥ በሆዱ ውስጥ የሰው ፎቶግራፍ፣ የሰው ውርስ፣ የሰው ክርክር ይዞ ይሄዳል። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው መረጃው እንዲጠፋለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ ማጥፋት ግዴታ የሚሆንበት ቀን ይመጣል። የቀረው ጥያቄ አያቴ በዋርካው ሥር ሳሉ ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው፦ ስሙ የሚነበበው ሰው ተጠይቋል ወይ?

አሁን መራዊ ስሄድ ይህ ነገር ይበልጥ ይከብደኛል። የቆጋ ግድብ ከተሠራ ወዲህ 7,000 ሄክታር ግድም መሬት በመስኖ ይለማል ይባላል፤ በቦዩ ዳር ያለች አንዲት ቃዳ በበጋም ስንዴ ታበቅላለች። ዱሮ ዘመድ ለዘመድ የሚተውለት ድንበር ዛሬ በክንድ ይለካል። መሬቱ በከበደ መጠን ረድፉም ይከብዳል።

*

41ዱን ረድፎች አንድ በአንድ አሻገርሁ። እናቲቱ ማረጋገጫቸውን በማኅተም ይዘው ሄዱ፤ ወረቀቱን በፌስታሉ ከመጠቅለላቸው በፊት ግንባራቸውን አስነክተውታል። ክርክሩ እንዴት እንዳለቀ ጠይቄ ነበር፤ በሚያዝያ ያቺን ማሳ እያሳረሱ ነው አሉኝ።

አርባው ቀን ሲሞላ እትዬን ጠርቼ ከአጠገቤ አስቀመጥኋቸው። የማሽኑን ስም አነበብሁላቸው። የቋቱን ስም አነበብሁላቸው። የተገናኘ ሰው እንደሌለ አሳየኋቸው፤ ቅጂውንም፣ ቆጠራውንም አሳየኋቸው። «ልጻፍ?» አልኳቸው። «ጻፍ» አሉኝ።

ፖስትግሬስ ቋት ሲያጠፋ «ተፈጸመ» አይልም፣ «አመሰግናለሁ» አይልም። የተሰጠውን ቃል መልሶ ይጽፋል። ድሮፕ ዳታቤዝ አልኩት፤ ድሮፕ ዳታቤዝ አለኝ።

እትዬ ትልቁን መዝገባቸውን ገልጠው ቀኑን፣ የቋቱን ስም፣ ምክንያቱን፣ የሁለታችንንም ስም በቀስታ ጻፉ። በእኔ ስም ላይ አንዲት ፊደል ተሳሳቱ። አልደለዟትም። አንድ ቀጭን መስመር አሰመሩባት፤ የታቸኛው ፊደል አሁንም ይነበባል፤ ትክክለኛዋን ከላይ ጽፈው ከጎኗ ፈረሙ። ከዚያም እስክርቢቶውን ለእኔ አቀበሉኝ።